ፊቱን ያዞረው ፊልትሮ

ኬልቪን ድሬጅን ያገኘው የግሬደር ሾፌር ነው። ሰኞ ረፋድ ላይ፣ ከሬድ ታንክ የከብት እርባታ ስልሳ ኪሎሜትር ወደ ውስጥ፣ ከቀይ አቧራና ከሰማይ በቀር ምንም በሌለበት ቦታ። ፒክአፑ ኮፈኑ ተከፍቶ ቆሟል። ኬልቪን ከመኪናው ሥር ባለችው ጥላ ተጋድሟል፤ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አድርጓል። የውሃ ጀሪካኑ ባዶውን አጠገቡ ተቀምጧል፤ ክዳኑ ግን ተመልሶ ተከድኗል። ባዶ ጀሪካን ለምን እንደከደነ አላውቅም። ከሁሉም በላይ ያንገበገበኝ ያ ክዳን ነው።

በእኛ አገር ልጅ መራመድ ሲጀምር አንድ ነገር ይነገረዋል፤ መኪናህ ቢቆም ጥለኸው አትሂድ፣ ፈላጊ የሚያየው መኪናን እንጂ ሰውን አይደለም። ኬልቪን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከብቶቹ የሚጠጡባቸውን የጉድጓድ ፓምፖች እየዞረ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው፤ ሕጉን አክብሮ ተቀመጠ። የጉድጓዶቹን ውሃ የሚመዘግብበት ደብተር ጋቢናው ውስጥ ነበር። የመጨረሻው ገጽ እንዲህ ይላል፦

ሐሙስ። ወደ ዘጠኝ ቁጥር ጉድጓድ ስሄድ ሞተሩ ጠፋ። ሬዲዮ እዚህ አይሠራም።
አርብ። ጥላ ውስጥ ነኝ። ግራንት ይመጣል።
ቅዳሜ። ግራንት ይመጣል።

የእሑድ የለም።

ሮንዳ ፔል እባላለሁ፤ የኩላቢራ ወንጀል ምርመራ ሳጅን ነኝ። ሦስት መቶ ሰው በማይሞላባት ከተማ መርማሪዋም፣ ፎቶ አንሺዋም፣ ሬሳ አንሺዋም እኔ ነኝ። አለቃዬ ኢንስፔክተር ሃርግሬቭ ያለው አየር ማቀዝቀዣ ባለበት በትልቁ ከተማ ነው። ረቡዕ ጠዋት ደወለ።

«ቴክኒሻኑ ጨርሷል። ነዳጁ ውስጥ ውሃ አለ። የናፍታ ፊልትሮው ደግሞ አስመስለው የሠሩት ርካሽ ዕቃ ነው፤ ውሃውን ዝም ብሎ አሳልፎ ነዳጅ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች አስበላቸው። ያሰረችው ያቺ መካኒክ ናት።»

«አክስቴ ቬርና?»

«ላንቺ አክስትም ትሁን አያት። ሰኞ ሰርቪስ አደረገችለት፣ ሐሙስ ሞተሩ ጠፋ። ፊልትሮው ላይ የራሷ ጽሕፈት አለ፤ ቀኑም ኪሎሜትሩም። ጋራዡን አሽጊ። አርብ ክሱ ጠረጴዛዬ ላይ ይሁን፤ በቸልተኝነት ሰው መግደል።»

«ቬርና ርካሽ ፊልትሮ አታስርም ጌታዬ።»

«ይህን የሚለው ማስረጃው ነው ወይስ አንቺ?»

«ለጊዜው እኔ ነኝ። እስከ አርብ ማስረጃውም ይለዋል» አልኩና ስልኩን ዘጋሁት። አለቃ ላይ ስልክ መዝጋት አይመከርም፤ ግን ደስ ይላል።

ጋራዡ ጋ ስደርስ መስኮቱ ተሰብሯል፤ በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ገዳይ» ተብሎ ተጽፏል። ቬርና ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ማንም ሳይመጣ በፊት እዚህ ምድር ላይ የነበሩት ሰዎች ልጅ ናት። በወገኖቿ ወግ ትልቅ ሴት አክስት ትባላለች፤ ከተማውም መኪናው ሲበላሽበት አክስቴ እያለ ይመጣል። ሰሞኑን ግን የሚጠራት ጠፍቷል። እሷ በሩ ፊት ወንበር አውጥታ፣ እግሯን አንፈራጥጣ፣ መንገዱን ፊት ለፊት እያየች ተቀምጣለች።

«ለምን አታጠፊውም?» አልኳት ወደ በሩ እያሳየሁ።

«የጻፈው ይምጣና ያጥፋው። እኔ የሰው ቆሻሻ አላጥብም።»

«አክስቴ፣ ጋራዡን እንዳሽግ ታዝዣለሁ።»

«አሽጊያ! እኔ ከዚህ አልነሳም። የሚያልፍ ሁሉ ፊቴን አይቶ ይለፍ። ምን አድርጌ ነው የምደበቀው?» ከዚያ እጇን ዘረጋች። «ፎቶ አለሽ አይደል? አምጪው።»

መነጽሯን አድርጋ የፊልትሮውን ፎቶ ቀረብ ራቅ እያደረገች አየችው። ቀኑ አለ፤ ሥሩ 318,470 ይላል።

«ቁጥሩ ልክ ነው። ሰባቷንም ቁርጥ እንደኔ አድርጓታል። ግን ይሄን ያነሳሽው ከመኪናው ካወጣሽው በኋላ ነው። እንደታሰረ ያነሳሽውስ?»

ፈልጌ አሳየኋት። ኮፈኑ ተከፍቷል፤ ፊልትሮው ቦታው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጥቁር ቆርቆሮ ብቻ ነው የሚታየው።

«ጽሕፈቱ የታለ?»

«ከኋላ ነው፤ ወደ ሞተሩ ግድግዳ ዞሯል። ለማየት መስታወት ማስገባት ነበረብን።»

ቬርና ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል የሳቀችው። «ስሚኝ አንቺ ልጅ። እኔ መጀመሪያ አስራለሁ፣ አጠብቃለሁ፣ ከዚያ ነው የምጽፈው፤ ኮፈን ሲከፈት ዓይን ውስጥ እንዲገባ። ፊልትሮ እየዞረ ነው የሚገባው፤ ፊቱ የት ላይ እንደሚቆም የሚያውቅ የለም። ጠረጴዛ ላይ ጽፎ ያሰረ ሰው ነው ለግድግዳ የሚያስነብበው። እኔ አርባ ዓመት ለግድግዳ ጽፌ አላውቅም!»

ብድግ ብላ ወደ ውስጥ ገባች፤ ተከተልኳት። ሦስት ጥቁር ፊልትሮዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። «ሦስቱም ኬልቪን መኪና ላይ ይገባሉ። ምረጪለት።»

የሚያብረቀርቀውን አነሳሁ።

«ገደልሽው» አለች።

እጄ ላይ ያለውን አገላበጥኩት።

«ሰው ሁሉ እንዳንቺ ነው የሚመርጠው፤ ጥርሱ ገጠመ፣ ጎማው ልክ ሆነ፣ አለቀ። ታቹን እይው፤ ድፍን ነው። የደህናው ታቹ ላይ የውሃ መጠቆሚያ የሚገባበት ቀዳዳ አለ። ውሃ ሲጠራቀም ሾፌሩ ፊት፣ ክሩስኮቱ ላይ ቀይ መብራት ይበራል፤ ትወርጂያለሽ፣ ታቹን ላላ አድርገሽ ውሃውን ታፈስሺዋለሽ፣ መንገድሽን ትቀጥያለሽ። ሁለት ደቂቃ! ይሄ መሃለኛው ቀዳዳው አለው፤ ውስጡ ያለው ወረቀት ግን ለሻይ ማጥለያም አይሆን። ይሄኛው ሦስተኛው ነው የኬልቪን። ውድ ነው። በመጣ ቁጥር ይጮህብኛል፣ እጮህበታለሁ፣ ከዚያ አስርለታለሁ። መግባት ሌላ፣ መሆን ሌላ።»

«የመጠቆሚያው ሽቦ መኪናው ላይ አለ» አልኩ ቀስ ብዬ። «ወደ ላይ ተጠቅልሎ በጥቁር ፕላስተር ታስሯል። ውሃው ደግሞ የተገኘው ሁለተኛው ሰልባትዮ፣ ትርፍ የነዳጅ ማጠራቀሚያው ውስጥ ብቻ ነው።»

ቬርና ፊልትሮውን አስቀመጠችው። ሁለተኛውን ሰልባትዮ እዚህ አገር ማንም ለቅርብ መንገድ አይከፍተውም። ኬልቪን ረጅም መንገድ የሚሄደው በሳምንት አንድ ቀን፣ ሐሙስ ነው፤ ዘጠኝ ቁጥር ጉድጓድ። ይህንን ሬድ ታንክ ላይ ያሉ ሁሉ ያውቃሉ።

«ታዲያ ይሄ ስህተት አይደለም» አለች። «ይሄ ታስቦበት ነው።»

የማሸጊያውን ወረቀት ከኪሴ ሳላወጣ ተመለስኩ።

ርካሾቹን ፊልትሮዎች የሚሸጠው በመንገድ ዳር ነዳጅ ማደያና ቡና ቤት ያለው ስታቭሮስ ነው። ልደብቅሽ አላለም።

«እሸጣለሁ። ወንጀል ነው? ማን እንደገዛኝ ደግሞ ስም አልጽፍም።»

«ኬልቪን ገዝቶህ ያውቃል?»

«ባለፈው ወር እዚህ ቆሞ ‹ቬርና በፊልትሮ ራቁቴን ልታስቀረኝ ነው› ሲል ከተማው ሰምቶታል። እኔን ብትጠይቂኝ ራሱ ገዝቶ፣ ራሱ አስሮ፣ እንዳትቆጣው ጽሕፈቷን ገልብጦበታል። እሷን የማይፈራ ወንድ እስቲ ጥሪልኝ!»

ሳቅኩ፤ ግን ቀልቤ ላይ ቀረ። እንዲህ የሚያደርጉ ወንዶች በስም አውቃለሁ። ግማሽ ቀን ሙሉ ሐሳቡን እያላመጥኩ ቆየሁ። ማታ ስታቭሮስ ጋ ተመልሼ ስቀመጥ አንዱ ጠጪ የቢራ ብርጭቆውን በአንድ እጁ አፈፍ አድርጎ አነሳ፤ እኔም በራሴ አፈርኩ። ኬልቪን ብርጭቆ የሚያነሳው በሁለት መዳፉ አጣብቆ ነበር። ከቀኝ እጁ ሦስቱን ጣቶች ገመድ ከወሰዳቸው ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ ግራው በሪህ ተቆልምሟል። የሸሚዙን ቁልፍ የሚቆልፍለት ሰው ይፈልግ የነበረ ሰው ያን ፊልትሮ ሊያጠብቅ፣ ሽቦ ሊጠቀልል አይችልም። ስንት ዓመት አብሬው ጠጥቼ እጁን ረሳሁት።

ሐሙስ ጠዋት ሬድ ታንክ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ግራንት ላድሎ በረንዳው ላይ ተቀበለኝ፤ ጫማው የተወለወለ፣ ፊቱ ያዘነ።

«ማክሰኞ ገና ሳይነጋ ነው የወጣሁት» አለ። «ከብት ጨረታ ላይ ነበርኩ፤ ሰኞ ማታ ተመለስኩ። መቶ ሰው አይቶኛል፤ ጠይቂ።»

«ጠይቄያለሁ፤ ነበርክ። ሰው ሳይመለስ ሲቀር እዚህ ቤት ማን ነው የሚፈልገው?»

«እኔ ነኛ። ብኖር…» ድምፁ ተሰበረ። «ስሜን ጽፎ ነው አሉኝ የሞተው። አንጀቴን ነው የቆረጠው። ያቺን ሴት ምን ልታደርጓት ነው?»

«እያጣራን ነው» አልኩ። ያለበት ቦታ መቶ ምስክር ቢኖረው አልገረመኝም። ሰልባትዮ ውስጥ የተጨመረ ውሃ አድራጊው አጠገቡ እንዲቆም አይፈልግም።

ወጥ ቤት ውስጥ አብሳይዋ ጁን የበሬ ሥጋ እየቆረጠች ነበር። ሬድ ታንክ ላይ ከራት የቀረ ሰው ካለ ጁን ሳህኑን ታያለች፣ የብረት ደወሉን ትመታለች፣ ሰዎች መኪና አስነስተው ይወጣሉ። ከእሷ በፊት እናቷም እንደዚሁ ታደርግ ነበር።

«ጁን፣ ሐሙስ ደወሉን ለምን አልመታሽም?»

ቢላዋውን አስቀመጠችው። «ግራንት ማክሰኞ ሲወጣ ነግሮኝ ነው። ‹ኬልቪን ሐሙስ ከጉድጓዶቹ በዚያው ወደ እህቱ ያልፋል፤ የሚመለሰው ሰኞ ነው፤ ሳህን እንዳታወጪለት› አለኝ።» አፏን በእጇ ጀርባ ያዘች። «ሳህን አላወጣሁለትም ሮንዳ። አራት ቀን ሙሉ ሳህን አላወጣሁለትም።»

ለእህቱ ደወልኩ። ኒውዚላንድ ልጇ ጋ ከሄደች ወር አልፏታል፤ እስከ አውሮፕላኑ የሸኛት ራሱ ኬልቪን ነው። ግራንት «እሱ ነው እንዲህ ያለኝ» ሊል ይችላል፤ የሞተ ሰው አያስተባብልም። ደብተሩ ግን ያስተባብላል። ለግራንት «እህቴ ጋ ነኝ» ብሎ የወጣ ሰው ሁለት ቀን ሙሉ «ግራንት ይመጣል» እያለ አይጽፍም።

ለምን እንደሆነ ግን አሁንም አላወቅኩም። የደብተሩን ገጾች ወደ ኋላ ገለጥኩ። በፊተኛው ሳምንት ሐሙስ ላይ እንዲህ ይላል፦ ዘጠኝ ቁጥር። ውሃ ደህና። ላሞቹ ይጮኻሉ። ግራንትን እጠይቃለሁ።

ላሞቹ ለምን ይጮኻሉ? መኪናዬን አስነስቼ ኬልቪን የሞተበትን ቦታ አልፌ ሄድኩ። ገና ሁለት ኪሎሜትር ሲቀረኝ ሰማኋቸው። ጉድጓዱ አጠገብ አዲስ በረት ተሠርቷል፤ ውስጡ አርባ የሚሆኑ ጥጆች አሉ፣ ጭናቸው ላይ የሬድ ታንክ ማሕተም ቁስሉ ገና አልደረቀም። ከአጥሩ ውጪ እናቶቻቸው ቆመው ይጮኻሉ፤ የሁሉም ግራ ጆሮ እንደ ጎረቤቱ እርባታ ከብቶች ተተልትሏል። ማሕተም ይዋሻል፤ ላም ልጇን አትስትም። ግራንት ያልታተመ የጎረቤት ጥጃ እየነዳ የራሱን ማሕተም ይመታበታል ማለት ነው። ኬልቪን አይቶት፣ እንደ ደህና ሰው መጀመሪያ አለቃውን ጠየቀው። አለቃው ደግሞ ሬሳው በተነሳ ማግስት ወደ ሥራው ተመልሷል። ብቻዬን አጥሩን ይዤ የተሳደብኩትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

«ላሞች ምስክር ሆነው አይቆሙም» አለኝ ሃርግሬቭ በስልክ። «ስርቆቱን ሌላ ጊዜ። የገደለው ፊልትሮው ነው፤ ፊልትሮው ላይ ያለው የቬርና ጽሕፈት ነው። ነገ አርብ ነው።»

«አውቃለሁ። ከሐሙስ ቀጥሎ ይመጣል።»

አርብ ጠዋት ቬርናን የጣቢያው ግቢ ውስጥ ወደቆመው የኬልቪን ፒክአፕ ወሰድኳት። ተጠርጣሪን ማስረጃ አጠገብ ማቆም ክልክል ነው፤ ደንቡን አውቀዋለሁ። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ እንድታይ ነገርኳት። ፊልትሮው የሚጠመድበትን የአልሙኒየም ራስ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ይሄን አላያችሁም?»

ከራሱ ጠርዝ ላይ የጥፍር ያህል ቢጫ ቀለም አለ። ወደ ታች ይወርድና ድንገት ይቆማል።

«ካጠበቅኩ በኋላ ከብረቱ ራስ ወደ ፊልትሮው አንዲት መስመር በብሩሽ አሰምራለሁ። ከላላ መስመሩ ስለሚሰበር አውቃለሁ። ጽሕፈቱን ባለ መኪናው ያየዋል፤ ይቺ ለራሴ ናት። እኩሌታው ይኸው። ሌላው እኩሌታ ያለው እኔ ባሰርኩት ፊልትሮ ላይ ነው።»

«የት ጥሎት ይሆን?» አልኩ። «ይህን ሁሉ ምድረ በዳ ፈልገን…»

«ጥሎት?» እንደ ሞኝ አየችኝ። «የአንድ ቀን ፊልትሮ፣ ያውም ደህናው፣ ሬድ ታንክ ላይ? እነዚያ የተጣመመ ሚስማር አቃንተው የሚመቱ፣ የሞተ በሬ ገመድ ፈትተው የሚያስቀምጡ ሰዎች ናቸው። አባቱም ቢነሳ አይጥለውም! ላድሎ የሚነዳው ምንድን ነው?»

የሬድ ታንክ መኪኖች በአንድ ጊዜ የተገዙ ናቸው። ግራንት የሚነዳው ያንኑ ዓይነት ፒክአፕ ነው።

የመበርበሪያ ፈቃዱን ይዤ፣ የአልሙኒየሙን ራስ በማስረጃ ከረጢት አድርጌ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ቬርና አትምጪ ብያት ነበር፤ በራሷ መኪና ከኋላዬ መጥታ አጥሩ ጋ ቆመች። ሠራተኞቹ ለምሳ ተሰብስበዋል። ግራንት ወረቀቱን አንብቦ ትከሻውን ነቀነቀና ኮፈኑን ከፈተው።

ፊልትሮው አዲስ ነው። ፊት ለፊቱ ላይ አንድ የመዳፍ ያህል ቦታ በቀለም ማሟሟቻ ተፈግፍጎ ደብዝዟል። ከላይ ጠርዙ ላይ፣ ከስፌቱ ሥር፣ የጥፍር ያህል ቢጫ መስመር አለች። ከሷ በላይ ያለው የመኪናው ራስ ንጹህ ነው። ያልተጀመረ መስመር እንዴት ይጨረሳል?

«ይሄ ከየት መጣ?»

«መጋዘን ውስጥ ነበር። ፊልትሮ ነው፤ ሁሉም ይመሳሰላል።»

«ይመሳሰላሉ። ይገባሉም» አልኩና ፈትቼ አወጣሁት። ከረጢቱ ውስጥ ካለው ራስ ጋር ጠርዝ ለጠርዝ አገጣጠምኩት። ቢጫዋ መስመር አንድ ሆነች። ቀለሙ ውስጥ አንዲት የብሩሽ ፀጉር ተጣብቃ ደርቃ ነበር፤ እኩሌታዋ እዚህ፣ እኩሌታዋ እዚያ። ሠራተኞቹ ቀርበው አዩ። ጁን በወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች።

ግራንት መጀመሪያ የተመለከተው እኔን ሳይሆን እነሱን ነው። «ለጎረቤት ጥጃ ብሎ ሁላችሁንም ሊበትናችሁ ነበር! ይሄ ቤት ቢዘጋ የት ትሄዳላችሁ? ላስፈራራው ብዬ እንጂ…»

«ሰው የሚያስፈራራ ሰው ሳህን አያስከለክልም» አልኩት። ካቴናውን አስገባሁለት። ጁን ወደ ደወሉ ሄዳ፣ በቀትር፣ ክንዷ እስኪዝል ድረስ መታችው።

ሃርግሬቭ ማታውን ደወለ። ጥሩ ሠርተሻል አለ። ከዚያ ቬርና ጋራዧን እንድትከፍት፣ ግን ጸጥ ብላ እንድትከፍት፣ ከተማው እንዳይሸማቀቅ እንድነግራት ለመነኝ። ነገርኳት።

«ይሸማቀቅ» አለች። «እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። የኬልቪንን መኪና ስጪኝ።»

ማስረጃው ፊልትሮዎቹ፣ የተፈታው ራስ፣ ሽቦውና ውሃው ነው፤ የቀረው ብረት ነው ብዬ ፈርሜ ሰጠኋት። ለዚያ ፊርማ ለአለቆቼ እስካሁን የማብራሪያ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው። ቬርና አምስት ቀን ሠራች። ሰልባትዮዎቹን አጠበች፣ ኢንጀክተሮቹን ቀየረች፣ ሌላ ራስ ከፍርስራሽ መኪና አምጥታ ገጠመች፣ ውድ የሆነውን ፊልትሮ ከራሷ መደርደሪያ አውጥታ አሰረች። ሁለት ሰዎች ይቅርታ ሊጠይቋት መጡ፤ ከመኪናው ሥር ሳትወጣ «ሥራ ላይ ነኝ» አለቻቸው።

የቀብሩ ቀን መላው ኩላቢራ መቃብሩ ጋ ተሰብስቦ ነበር፤ መስኮቷን የሰበሩትም አሉ። ቬርና የኬልቪንን ፒክአፕ በዋናው መንገድ መሃል ለመሃል፣ በቀስታ፣ ጥሩንባውን እየነፋች አመጣችው። ሰዉ ግራና ቀኝ ተከፈለላት። ከመቃብሩ ጉድጓድ አጠገብ ወስዳ አቆመችው፤ ወረደች፤ ሞተሩን ግን አላጠፋችውም።

ቄሱ ወደ እሷ ቀረብ አሉ። ከዚያ ዝቅ ብለው፣ «ልጄ፣ ለጸሎቱ ብታጠፊው» አሏት።

«አላጠፋም» አለች፤ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ። «አራት ቀን ሞተሩ ዝም ብሎበታል። ዛሬ ያልቅስለት።»

ቄሱ መጽሐፋቸውን ገለጡና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።